ቤታችን ድመታችንን ምን እያጎረሳት ነው?

ጥፋቴን በማመን ልጀምር። በሕግ ትምህርት ቤት ሳለን "ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም" የሚለውን ደንብ ስንማር፣ ምን ዓይነት ጨካኝ ደንብ ነው እል ነበር። ሰው ባላወቀው ነገር እንዴት ይጠየቃል? ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን አለማወቅ ምን ሊያደርስ እንደሚችል በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እጄ አየሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቼ "ውሮ" የሚሏት አንዲት ቡራቡሬ ድመት ነበረችን። አንድ እሑድ ማታ ከውጭ እያነከሰች ገባች። ማን እንደመታት አላወቅንም። ትንሿ ልጄ አለቀሰች። እኔም አባት ነኝና አንድ መፍትሔ ማምጣት ነበረብኝ። መሳቢያው ውስጥ ፓራሲታሞል አለ። እኔ ራሴን ሲያመኝ ሁለት ፍሬ እውጣለሁ፤ ለድመት ግማሽ ፍሬ ምን ያደርጋታል? አልኩና ፈጭቼ ከሥጋ ጋር ለውሼ አበላኋት።

ሌሊቱን ስታለከልክ አደረች። ሲነጋ ፊቷና የፊት እግሮቿ አብጠው፣ ድዷ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ አገኘናት። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ስናደርሳት ወጣቱ ሐኪም አፏን ከፈት አድርጎ አየና "ጋሼ፣ ፓራሲታሞል ሰጥተዋት ነበር እንዴ?" አለኝ። ክኒኑን ስሰጣት ያየ ሰው አልነበረም፤ ድዷ ግን መሰከረብኝ። ውሮ ቀትር ሳይሆን ሞተች። ልጄ እስከ ዛሬ ድረስ ውሮን የገደላት ያ ውጭ የመታት ሰው ነው ብላ ታምናለች። እኔም አላረምኳትም።

ከዚያ ወዲህ ነው ስለ ጉዳዩ ማንበብና ሐኪሞችን መጠየቅ የጀመርኩት። የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ድመት ዘጠኝ ነፍስ አላት ብለን የምንተርትላት ፍጡር፣ በተራ የቤት ዕቃ በቀላሉ የምትሞት መሆኗን ነው። በየቤታችን ድመት አለ። ከድመቷ ጋር ደግሞ የአይጥ መርዙ፣ ክሩ፣ ፌስታሉና ክኒኑ አለ። ስለዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ድመት ትንሽ ሰው አይደለችም

የእኔ ስሕተት መነሻ የሒሳብ ስሕተት ይመስላል። "ለሰው ሁለት ከሆነ ለድመት ግማሽ" አልኩ። ነገር ግን ሒሳቡም ቢሆን ትክክል አልነበረም። 500 ሚሊ ግራም የሆነች አንዲት ፍሬ ፓራሲታሞል፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ 7 ሚሊ ግራም ያህል ማለት ናት። ለአራት ኪሎ ድመት ግን ግማሿ ፍሬ ብቻዋን በኪሎ ከ60 ሚሊ ግራም በላይ ትሆናለች። ድመቶች በኪሎ 10 ሚሊ ግራም በሆነ መጠን እንኳ እንደተመረዙ ተመዝግቧል።

ዋናው ችግር ግን መጠኑ አይደለም። የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር አጣብቆ በሽንት የሚያስወጣበት የኢንዛይም መንገድ አለው። በድመት ጉበት ውስጥ ይህ መንገድ የለም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ደካማ ነው። መድኃኒቱ መውጫ ሲያጣ ወደ መርዝነት ይለወጥና ቀይ የደም ሕዋሳቷን ያበላሻል። ደሙ አለ፤ ኦክስጅን መሸከም ግን አይችልም። ድዷ የጠቆረው፣ ያለከለከችውም ለዚህ ነበር። ማርከሻው አሴቲልሲስቴይን የተባለው፣ ፓራሲታሞል አብዝቶ ለወሰደ ሰውም የሚሰጠው መድኃኒት ነው፤ የሚያድነው ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሲደርስ ነው።

ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶቻችን በሻንጣ የሚያመጡልን ታይሌኖልም ስሙ ተቀየረ እንጂ ያው ፓራሲታሞል ነው። አብዛኛው የጉንፋን መድኃኒትም ውስጡ ፓራሲታሞል አለበት። አድቪል እየተባለ የሚመጣው አይቡፕሮፌንና በየፋርማሲው የሚሸጠው ዲክሎፌናክ ደግሞ የድመትን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቷንም ያበላሻሉ። ደንቡ አጭር ነው፦ ሐኪም ሳያዝ የሰው ክኒን ለድመት አይሰጥም። ሩብም ቢሆን።

ከጉበቷ ሌላ ድመትን ከሰው የሚለዩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ምላሷ ነው። ድመት እጃችሁን ስትልሳችሁ እንደ ሞረድ የሚሻክራችሁ፣ ምላሷ ላይ ወደ ጉሮሮዋ ያዘነበሉ ጥቃቅን ሾሆች ስላሉ ነው። ምላሷ ላይ የተጠመደ ነገር ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይሄድም። ሁለተኛው ንጽሕናዋ ነው። ቀኑን ሙሉ ጠጉሯን ስትልስ ትውላለች። ስለዚህ ጠጉሯ ላይ ያረፈ ዱቄት፣ እግሯ የረገጠው ፈሳሽ፣ ሁሉም መጨረሻው ሆዷ ነው። እኛ "ምን በላች?" ብለን እንጠይቃለን። "ምን ላይ ተኛች? ምን ረገጠች?" ብሎ መጠየቅም ይገባ ነበር።

ክር የሚያህል ጠላት

ድመትና ክር ሲጫወቱ ማየት የማይወድ የለም። እናቴ ጥጥ ስትፈትል እንዝርቷን የሚያሳድድ ድመት ሁልጊዜ እግሯ ሥር ነበር። እሷ "ሂድ ወዲያ!" ትላለች፤ እኛ እንስቃለን። የእንስሳት ሐኪሞች ግን ክር ሲያዩ አይስቁም።

ድመት ረዘም ያለ ክር ከዋጠች አንደኛው ጫፍ ብዙ ጊዜ ምላሷ ሥር ወይም የጨጓራዋ መውጫ ላይ ይያዛል። ሌላው ጫፍ ወደ አንጀት ይወርዳል። አንጀት ሥራው መግፋት ነውና ይገፋል፤ ክሩ ግን ታስሯል። ስለዚህ አንጀቱ፣ መቀነቱ ሲጎተት እንደሚኮማተር የሱሪ ወገብ ክሩ ላይ ይሰበሰባል። የተወጠረው ክርም ቀስ በቀስ የአንጀቱን ግድግዳ እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ክሩ ጫፉ ላይ መርፌ ካለበት ነገሩ ይብሳል።

በየቤቱ ያለውን እስኪ ቁጠሩት፤ የስፌት ክር፣ የጥልፍ ክር፣ የሹራብ ክር፣ የጥርስ ማጽጃ ክር፣ የፀጉር ላስቲክ፣ የአፍና አፍንጫ ጭንብል ማሰሪያ፣ የልደት ሪባን፣ የገና ዛፍ ላይ የምንሰቅለው ብልጭልጭ፣ ሥጋ የታሰረበት ሲባጎ። የመጨረሻው በተለይ ሥጋ ሥጋ ስለሚሸት ድመቷ ለጨዋታ ሳይሆን ለምግብ ብላ ትውጠዋለች።

ምልክቱ ማስመለስ፣ ምግብ እንቢ ማለትና ጥግ ይዞ መደበቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ክር ከአፏ ወይም ከመቀመጫዋ ወጥቶ ብታዩ አትጎትቱ! ውስጥ ያለው ክር ተወጥሮ ከሆነ መጎተት አንጀቷን መቅደድ ነው። እንዳለ ትታችሁ ወደ ሐኪም ውሰዷት። ብዙውን ጊዜ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው።

የበዓል ትርፍራፊ

አሁን ወደ ወጥ ቤት እንግባ። "ከእኛ ማዕድ የተረፈውን ትብላ" የሚለው ልማዳችን ደግ ልማድ ነው። ችግሩ ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰብራሉ። ለድመት በኪሎ 5 ግራም ያህል ሽንኩርት ጎጂ ሊሆን ይችላል። ለአራት ኪሎ ድመት 20 ግራም ማለት ነው፤ ከአንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት አንድ አምስተኛው። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከቀዩ ይብሳል። መቀቀል፣ ማቁላላት ወይም ማድረቅ መርዝነቱን አያጠፋውም። በርበሬያችንም ራሱ በነጭ ሽንኩርት የተደለዘ ነው። እንግዲህ በኪሎ የሚቆጠር ሽንኩርት የፈሰሰበትን የዶሮ ወጥ ያጠቀሰ እንጀራ ለድመት መስጠት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

አንድ ጉርሻ የምትገድል አይደለችም። ነገር ግን ጉዳቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ ምልክቱም የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው። ድዷ ይነጣል፣ ትደክማለች፣ ሽንቷ ይጠቁራል። የዛኔ የበዓሉን ወጥ ማንም አያስታውሰውም።

የዶሮ አጥንትም አለ። የተቀቀለ አጥንት ደርቆ ስለሚሰነጠር ጉሮሮና አንጀት ሊወጋ ይችላል። የቡና አተላና ቸኮሌትም ለድመት ልብና ነርቭ አይስማሙም። ቸኮሌት እንኳ ብዙ ጊዜ አታምራትም፤ ድመት ጣፋጭ የምትለይበት የምላስ ስሜት እንደሌላት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 አሳይተዋል።

ፌስታልን አልረሳሁትም። ሥጋ የተቋጠረበት ፌስታል ለድመት አፍንጫ ያው ሥጋ ነው። ታኝከዋለች፣ ትውጠዋለች፣ አንጀቷን ይዘጋባታል። ስለ ፌስታል ሕጋችን ቀድሞም ተናግሮ ነበር። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌስታልን ነገር ጠበቅ የሚያደርግ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ሕግ አውጪው ድመትን አስቦ ነው ማለቴ አይደለም። ቢሆንም ከአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። እስከዚያው ግን ኩሽና ጥግ ያከማቸነውን ፌስታል ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ መክተት የእኛ ፋንታ ነው።

ድመትም፣ የአይጥ መርዝም?

አብዛኞቻችን ድመት የምናስገባው ለአይጥ ነው። አይጡ ሲበዛብን ግን ትዕግሥት የለንም። ድመቷ እያለች የአይጥ መርዝ እንገዛለን። ይህ ዘበኛ ቀጥሮ ግቢውን በፈንጂ ማጠር ነው።

ብዙዎቹ የአይጥ መርዞች ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው። ታሪካቸው ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በካናዳና በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ይሞቱ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ካርል ፖል ሊንክ የተባለው ኬሚስትና ባልደረቦቹ መንስኤውን ለዩት፤ ከዚያም የተገኘው ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ላይ ዋለ። በ1954 ደግሞ ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። ዛሬም የልብ ሕሙማን ይወስዱታል። አይጦቹ ዋርፋሪንን ሲለምዱት እንደ ብሮዲፋኩም ያሉ ይበልጥ የበረቱና ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት የሚቆዩ ተሠሩ።

የእነዚህ መርዞች አደገኛነት መዘግየታቸው ነው። መርዙን የበላች ድመት ዛሬ ደህና ናት፣ ነገም ደህና ናት። ከሦስትና ከአምስት ቀን በኋላ ነው መድከም፣ መገርጣት፣ ማለክለክ፣ ከአፍንጫ ወይም ከድድ መድማት የሚመጣው። መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመትም ልትመረዝ ትችላለች። ደግነቱ ማርከሻ አለው፤ ቫይታሚን ኬ-1 በሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት ይሰጣል።

ሌላው ዓይነት ዚንክ ፎስፋይድ የተባለው ጥቁር ግራጫ ዱቄት ነው። ይኼኛው ጨጓራ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፣ በሰዓታት ውስጥም ይገድላል። ማርከሻ የለውም። ድመቷ ብታስመልስ ጋዙ ሰውንም ስለሚጎዳ መስኮት ከፍቶ ከትውከቱ መራቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ የትኛው እንደሆነ ማወቅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው ማለት ነው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያለ ምዝገባና ያለ ገላጭ ጽሑፍ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ የሚያዝዘው ለዚህ ነው። በየመንገዱ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ስም የለሽ ዱቄት ግን አዋጁን አላነበበም። ስም የሌለውን መርዝ አትግዙ። ገዝታችሁ ከሆነም አይጥ እንጂ ድመትና ሕፃን ሊደርሱበት በማይችሉበት ዕቃ ውስጥ አድርጉት፤ ማሸጊያውንም አትጣሉ።

የሚረጨውና የሚሸተው

ለቁንጫና ለትኋን የምንረጨው ማላታይን ድመቷ ጠጉር ላይ ካረፈ ስትልሰው ትውጠዋለች። ለሃጭ ይዘንባል፣ ዓይኗ ያለቅሳል፣ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። ቁንጫዋን ለማጥፋት ብሎ ድመቷን ራሷን የሚያርከፈክፍም አለ። ለውሻ ተብሎ የተሠራው የቁንጫ ጠብታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፐርመትሪን አለበት። ውሻውን አይጎዳውም፣ ድመቷን ግን እስከ ሞት ያንዘፈዝፋታል። የተረጨ ቤት ሳይደርቅና ሳይናፈስ ድመት አይገባበትም።

ቁምሳጥን ውስጥ የምናስቀምጠው ናፍታሊን፣ በባልዲ የተበጠበጠ በረኪና፣ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀመጠ ነጭ ጋዝ፣ ሁሉም ቦታቸው የተዘጋ ቁምሳጥን ነው። መኪና ያላችሁ ደግሞ የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽን ተጠንቀቁ። ውስጡ ኤትሊን ግላይኮል ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህሉ የአንዲትን ድመት ኩላሊት አጥፍቶ ሊገድላት ይችላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው የመጨረሻው አበባ ነው። ለሠርግና ለልደት በስጦታ የሚመጣው፣ እንደ መለከት የተከፈተውና መዓዛው ቤት የሚሞላው ሊሊ ለድመት መርዝ ነው። ቅጠሉም፣ አበባውም፣ ብናኙም፣ የቆመበት የአበባ ማስቀመጫ ውኃም። ብናኙ ጠጉሯ ላይ ቢያርፍና ብትልሰው እንኳ በአንድና በሦስት ቀን ውስጥ ኩላሊቷ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚያድናት በ18 ሰዓታት ውስጥ የተጀመረ ሕክምና ነው። ድመት ያለበት ቤት ሊሊ ባይገባ ይመረጣል። ጽጌረዳ ስጡን፤ እሾሁን እንችለዋለን።

ከዋጠችስ?

ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ከተቃጠለ ግን እንዲህ ይደረግ።

መጀመሪያ የቀረውን መርዝ ከአጠገቧ አንሱ። ጠጉሯ ላይ ከሆነ በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት። ቀጥሎ የዋጠችውን ነገር ማሸጊያ፣ የዋጠችበትን ሰዓትና መጠን ያዙ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። እውነቱን ንገሩት። "ምንም አልሰጠናትም" የሚል የሐሰት ምስክርነት እዚህ ቦታ ይገድላል።

ወተት አታጠጧት። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚለው እምነታችን መሠረት የለውም፤ አንዳንዱን መርዝ እንዲያውም ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። በጨው፣ በዘይት ወይም ጣት በመክተት ልታስመልሷት አትሞክሩ። ነጭ ጋዝ ወይም በረኪና ከሆነ ሲመለስ ሳንባዋንና ጉሮሮዋን ዳግም ያቃጥላል። ማስመለስ ካስፈለገ በሐኪም መድኃኒት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችሁ። ለሃጭ የምታዝረከርክና የምትንገዳገድ ድመት ሁሉ የተመረዘች አይደለችም፤ በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘች ልትሆን ትችላለች። እጃችሁን አፏ ውስጥ አትክተቱ። በፎጣ ጠቅልላችሁ በካርቶን ውሰዷት። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ሂዱ።

የእንስሳት ሐኪም ስልክ ደግሞ ዛሬ መዝግቡ። የእሑድ ማታ ክሊኒክ ፍለጋ ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው፤ በድንገት ለተመረዘች ድመት ግን መንገዱ ሩቅ ነው። ቅርባችሁ ማን እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

የባለቤት ኃላፊነት

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2071 እንስሳው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦት እንኳ ቢሆን። ሕጉ እንስሳችን ሰው እንዳይጎዳ አስቧል። ቤታችን እንስሳችንን እንዳይጎዳ ማሰብ ግን ለእኛ የተተወ ነው። ደግሞስ ወለል ላይ የወደቀች ክኒን፣ ሶፋ ሥር ያለች መርፌ፣ ጥግ ላይ የተበተነ የአይጥ መርዝ ለድመት ብቻ ነው እንዴ የሚጠብቀው? ዳዴ የሚል ሕፃን ያለበት ቤትም ያው ወለል ነው። ለድመቷ ብላችሁ ያጸዳችሁት ቤት ለልጁም ይጸዳል።

ዛሬ ቤታችን ሌላ ድመት አለች። መድኃኒቱ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው፣ ክሩ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ነው፣ የአይጥ መርዝ ደግሞ ቤታችን አይገባም። አይጡን ለድመቷ ትተነዋል።

አንድ የቀረኝ ነገር ነበር። ልጄ አሁን ጋዜጣ የምታነብበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች። የውሮን አሟሟት ከዚህ ገጽ ላይ እንድታነብ አልፈለግሁም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጁ ከመላኬ በፊት፣ ትናንት ማታ ጠርቼ ነገርኳት። ለረዥም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "አባዬ፣ አላወቅህም ነበር አይደል?" አለችኝ። "አላወቅሁም ነበር" አልኳት። "ታዲያ ሌሎቹም እኮ አያውቁም፤ ጻፈው" አለችኝ።

ይኸው ጻፍኩት። ከእንግዲህ አላወቅንም ማለት አይቻልም።

ቸር እንሰንብት።